ላት የጠጣችው መኪና

በቅርቡ የተሳፈርኩበት አሮጌ የናፍታ መኪና ዳገት ሲጀምር ከኋላ በኩል የሚያላዝን ድምፅ አወጣ፤ ሌሎቹ ወሬያቸውን ሲቀጥሉ እኔ ልጅ ሆኜ የኖርንበት የዘመሮው ግቢያችን ትዝ አለኝ።

አባቴ ሰውና ገብስ ወደ ቀየት ገበያ የሚያመላልስባት እንዲህ ያለች መኪና ነበረችው። የኋላ ጎማዎቿን የሚያዞሩት የብረት ጥርሶች፣ መካኒኮቹ ዲፈረንሻል የሚሉት፣ ተበልተው ስለነበር ጩኸቷን ከሩቅ የሰሙ ሴቶች ጆንያቸውን ይዘው፣ መንደርተኛው በልማት ሥራ ድንጋይ ለቅሞ ባወጣው መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቋት ነበር። መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ እኛ ልጆች ድምፅዋን እያስመሰልን እንከተላት ነበር፣ አባቴም ይስቅ ነበር። በጥር ጩኸቷ ሲብስ ግን ተሳፋሪው እየፈራ ቀረ፣ አባቴም መሳቁን ተወ።

ሁዳዴ ሲገባ ሊሸጣት ቆረጠ። ገዢው ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ የክርስትና እናቴ ባል፣ ከአባቴ ጋር በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ፣ ለመኪናዋ ብለው በጎቻቸውን አንድ ሳያስቀሩ የሸጡ ሰው። ሊረከቧት በሚመጡበት ዋዜማ አባቴ ከቅበላ የተረፈውን የበግ ላት ምድጃ ላይ ጣደው።

«አንተ ሰውዬ፣ በሁዳዴ ላት ታቀልጣለህ?» አለች እናቴ።

«እኔ አልቀምሰው! መኪና ደግሞ አይጾምም።»

የቀለጠውን ላት ከወፍራም ዘይት ጋር ደባልቆ፣ ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ፣ እኔ ጣሳውን እያቀበልኩት ዲፈረንሻሉ ውስጥ ጨመረው። ብርዱ ሲያገኘው ላቱ ረጋ፣ ጩኸቱም ታፈነ።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ነድተዋት ተመለሱና ጆሯቸውን እያከኩ፣ «ያቺ አልቃሻ ምን ነክቷት ዝም አለች?» አሉ።

«አሠራኋታ!» አለ አባቴ።

«ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ይቺ ልጅ ግን አትዋሽም። እስቲ ተናገሪ፣ እውነት አሠራት?»

እጄ ላት ላት ይሸት ነበር። ነጠላዬ ውስጥ ደብቄው አንገቴን ደፋሁ።

«አየህ፣ አፈረች! የጨዋ ልጅ» ብለው እየሳቁ ቁልፉን ተቀበሉ።

ሰኔ ላይ፣ ጓሳ ዳገቱ መሐል፣ የረጋው ላት ዘይቱን አላዘዋውር ብሎ የደረቁት ጥርሶች ተሰባበሩ። ጋሽ ደምሴ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ ስብርባሪ ብረት የተሰገሰገበት ጥቁር ሞራ በጣሳ ደጃፋችን ላይ አስቀመጡ።

«ላትህን ረስተህ ነበር» አሉት አባቴን። እኔን አዩኝና «አንቺ እንኳ?» ብለው ሄዱ።

በወሩ ማኅበሩ እኛ ቤት ሲወጣ ቦታቸው ባዶ ነበር። የክርስትና እናቴም «ልጄ» ማለታቸውን ትተው በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። በመስከረም መንገዱ ደረቀ፣ ጩኸት ግን አልነበረም፤ ሴቶቹ ገብሳቸውን አዝለው በእግር ወደ ገበያ ይሄዱ ነበር።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቢሮ እሠራለሁ። ያልተሠራ ሥራ ተሠራ ተብሎ ሲፈረም አያለሁ፣ ዝም እላለሁ፤ አለቃዬም በሰው ፊት «እንደሷ ያለ ጨዋ ሠራተኛ የለም» ይላል። ያኔ እጄን የምደብቀው ነጠላዬ ውስጥ ነበር። አሁን ጠረጴዛ ሥር ነው።