ዘሩን ያልጣለ ሣር

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ነሐሴ ለእረፍት ሰቆጣ አጠገብ ወዳለው ቀበሌያችን ስመለስ የአባቴ በሬ በእርሻ ከስቶ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። አባቴን በአንድ ነገር ሳልረዳው የምመለስ መሰለኝና መቀመጥ አቃተኝ።

ከቤታችን በላይ ያለው ተራራ ድሮ ድንጋይ ብቻ ነበር። ሰፈሩ ተስማምቶ ከከብት ከከለለው ወዲህ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ከሥሩ ያለው ምንጭም በበጋ አይደርቅም። ኅዳር ላይ ሣሩ ለየቤቱ በድርሻ ይታጨዳል። እኔ ከልጅነቴ የሰማሁት ሕግ "የከብት እግር አይግባ" የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ በሬውን ቤት ትቼ ማጭድ ይዤ ወጣሁ።

ሁለት ሸክም አጭጄ ሦስተኛውን ሳስር የተራራው ጠባቂ ሽማግሌ ደረሱ።

"አንቺ ተማሪ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"አባባ፣ ከድርሻችን ነው። ከብት አላስገባሁም እኮ።"

"ማጭድሽስ ጥርስ የለውም?" አንዱን ዘለላ በመዳፋቸው አሹት። እጃቸው አረንጓዴ ሆነ እንጂ ፍሬ አልነበረውም። "ዘሩን ሳይጥል አጨድሽው። ለከርሞ ከየት ይብቀል? በሬሽ ቢገባ እንኳ ፍግ ይተውልን ነበር!"

ነገሩ በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ሊታይ ለእሁድ ተቀጠረ። እስከዚያ ድረስ የተጠረገውን ደጅ ደግሜ ጠረግሁ፤ ውሃ ሳይጎድል ውሃ ወረድሁ። ድርሻችንን ከከለከሉን በሬው በጋውን አያልፍም። ያለ በሬ ደግሞ ማሳችንን ሌላ ሰው አርሶ ምርቱን እኩል ይካፈለናል። አባቴ አለመቆጣቱ ይበልጥ አስጨነቀኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ወሰኑ፤ ጥቅምት ላይ ከሌላ ቦታ የደረሰ ዘር በእጅ ተለቅሞ ያጨድሁት መሬት ላይ ይበተን፤ ያ ሳይሆን ድርሻ የለም።

"ጥቅምትማ ትምህርት ላይ ናት" አለ አባቴ።

"እንግዲያው አንተ ልቀምላታ! ሣር ለቀማ ዲግሪ አይጠይቅም" አሉት ጠባቂው። ሁሉም ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አሁን ጥቅምት ነው። ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር እደውላለሁ።

"አባዬ፣ ዘሩ ደረሰ?"

"አንቺ ፈተናሽን ተፈተኝ።"

ትናንት ግን ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ "ግማሽ ጆንያ ለቅሜያለሁ። ወገቤን ትንሽ ያዘኝ እንጂ ደህና ነኝ። ነፋስ ካልቀደመኝ ሌላውን ነገ እጨርሳለሁ።"

ደብተሬን ገለጥሁ። ወዲያው ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁና የግቢው ዛፎች ይወዛወዙ እንደሆነ አየሁ።