ቀኝ እጁ የወንድሜ ነበር

የቤዝ ጊታር ክር ሲቀቀል የሚሸተው ሽታ ሌላ ምንም አይመስልም። ዝገት አለበት፣ የሰው ላብ አለበት፣ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ ካደረጉበት ደግሞ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ዛሬ ጠዋት ክሮቼን ድስት ውስጥ ጥጄ ክዳኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝና ወንድሜ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። ዞር ብዬም አየሁ። እንዲህ ያለው ሞኝነት በስተርጅና ይመጣል።

አዲስ ክር እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ለምን ትቀቅያለሽ ትለኝ ይሆናል። አዲስ ክር ይጮኻል፤ ቤዝ ደግሞ መጮህ የለበትም። ያረጀ ክር በበኩሉ ይደነቁራል፣ ድምፁ ግድግዳ አያልፍም። ቀቅዬ ካወጣሁት በኋላ ለጥቂት ሳምንት በሁለቱ መካከል ያለውን ድምፅ ይሰጠኛል። እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ደግሞም እጅ የለመደውን መተው ይከብዳል።

ለመጽሔትህ ስለ ዕቃ፣ ስለ ክር አመታትና ከማን እንደተማርኩ ነበር የጠየቅኸኝ። ከዕቃው ቶሎ ልገላገል። የመጀመሪያው ቤዝ የእኔ አልነበረም፤ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ንብረት ነበር። ቀለሙ የጉበት፣ አንገቱ ትንሽ የተጣመመ፣ ክብደቱ ጥጃ የተሸከሙ የሚያስመስል። ማንገቻው ከጭነት መኪና ሸራ ላይ የተቆረጠ ስለነበር ትከሻ ይልጥ ነበር። የማጉያው ድምፅ ማውጫ ተቀድዶ በጋዜጣና በሙጫ ተለጥፏል፤ ወፍራሙን ክር በመታህ ቁጥር ጋዜጣው አብሮህ ያንኮራፋል። ዛሬ ልጆቹ ያንን ማንኮራፋት የሚያወጣ ፔዳል በስንት ብር እንደሚገዙ ሲነግሩኝ ሳቄ ይመጣል። እኛ በነፃ ነበረን፣ ያውም ልናስወግደው እየለመንን።

በዚያ ቡድን ውስጥ ቤዝ የሚጫወተው ታላቅ ወንድሜ ነበር። እኔ ተወዛዋዥ ነበርኩ። የሐረርጌውን ጭፈራ፣ ሸጎዬን ስንጫወት ሌሎቹ ልጃገረዶች ከበሮውን ያዳምጣሉ፤ እኔ ግን የወንድሜን ቀኝ እጅ ነበር የምከተለው። ቤዝ ማለት ሁለት እጅ፣ ሁለት ሥራ ነው። ግራው ክሩን ተጭኖ ድምፁን ይመርጣል፣ ቀኙ ይመታል። ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ለግራው ነው። ሰውየው ያለው ግን ቀኙ ላይ ነው፤ መቼ እንደሚመታ፣ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚወስነው እሱ ነው። የወንድሜ አመልካች ጣትና መሃል ጣት ክሩ ላይ ይራመዱ ነበር። አይጎትቱም፣ አይቧጥጡም፣ ዝም ብለው ሥራ እንደሚሄድ ሰው ይራመዳሉ።

እሱ ራሱ ያን አረማመድ የተማረው ከግድግዳ ነው። ቤታችን ሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ስለነበር ከሐረሪ ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው ዚክር፣ የአላህን ውዳሴ ሲያዜሙ ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው በግድግዳው አልፎ ይመጣል። ወንድሜ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ያራምዳል። እናታችን የማርያም ሥዕል ሥር ተቀምጣ ትገላምጠዋለች፤ ግን ተው አላለችውም። ከማን ተማርሽ ላልከኝ እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው። የውጭ ስም ጠብቀህ ከነበረ አዝናለሁ።

ጦርነቱ ሲከር ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። እናታችን ጋቢውን አጣጥፋ ሰጠችው፣ እሱም ቤዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ለእኔ አደራ ብሎኝ ወደ ሰሜን ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የቡድኑ መሪ ቤዙን ሊወስድ መጣ። ለሌላ ልጅ ሊሰጠው እንደሆነ ነገረን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቡድኑ ያለ ቤዝ መድረክ አይወጣም። እኔ ግን የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ወንድ ያን ወንበር ከያዘ ወንድሜ ሲመለስ የሚቀመጥበት የለውም። ወንድሜ ደግሞ ሌላ ሙያ አልነበረውም፣ ሌላ ሕይወትም አልነበረውም። እኔ እጫወተዋለሁ አልኩ።

መሪው ሳቀ፣ እናቴ ደነገጠች። በማግስቱ ግን ልምምድ ላይ አስቀምጦ ፈተነኝ። ግራ እጄ የት እንደሚጫን ስለማያውቅ ያገኘውን ይጨብጣል። ቀኜ ግን ስንት ዓመት የጨፈርኩበትን ያውቃል። ዘፈኑ ሲያልቅ መሪው ጭንቅላቱን እያከከ ቆየና፣ "ድምፁን ከላይ እስከ ታች ተሳስተሻል። የሚወድቅበትን ቦታ ግን አንዴም አልሳትሽም" አለኝ። ቤዙ ቤታችን ቀረ። ሰው ሁሉ ጎበዝ ሲለኝ፣ እኔ ወንበር ጠባቂ ነኝ እያልኩ እመልስ ነበር፤ ከልቤም ነበር።

ወንድሜ ሲመለስ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የመጣው። አቀፈን፣ ጎረቤት መጥቶ ደስ አለው፣ እልልታም ነበር። ምሳ ሲቀርብ እናታችን ማንቆርቆሪያውን ይዛ ልታስታጥበው ጎንበስ አለች። ቀኝ እጁን ዘረጋላት። እሷ ሌላውን እየጠበቀች ውኃውን ይዛ ቆመች። ሌላው ከኪሱ ሲዘገይባት ጊዜ ገባት መሰለኝ፣ ማንቆርቆሪያውን ወደ ኪሱ አቀረበችው። ያኔ አወጣው። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ነበሩ፤ መሃሉ ያለው ሁሉ ሄዷል። እናታችን ለሁለቱም እጆቹ ውኃ አፈሰሰችለት፤ ከዚያ ስለ እጁ በቤታችን አልተወራም።

ቤዙን ቀና ብሎ አያየውም ነበር። እኔ ስለማመድ ወደ ጓሮ ይወጣል። ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ የግቢውን ነጭ ግንብ ዓይን እስኪወጋ አብርቶት ሳለ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አንድ የሚያስቸግረኝን ዘፈን ደጋግሜ እሞክራለሁ። ሦስት ጊዜ ይሁን አራት አበላሸሁት። ድንገት ከኋላዬ፣ "አቦ፣ አትጎትቺው። ተራመጅበት" አለኝ።

አልገባኝም ብዬ ዞር አልኩ። እውነቱን ለመናገር ገብቶኛል። በቀኜ በኩል መጥቶ ተቀመጠና እጄን ከክሩ ላይ ገፋ አድርጎ በራሱ ጣቶች መታው። እኔ ግራ እጄን ከአንገቱ ላይ ሳላነሳ ደነገጥኩ። እንደገና መታው። ጣቴን አንቀሳቀስኩ፣ ድምፁ ተለወጠ። እሱ ሲመታ እኔ ስመርጥ፣ እየተጋጨን፣ እየቆምን፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘለቅነው። ስንጨርስ ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ሳቁን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እናታችን ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ አየችን፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

ስለ ክር አመታት የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በዚያ ሰሞን ነው። የአንድ ሰው ሁለት እጆች ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። የሁለት ሰው እጆች ግን መተማመን አለባቸው። እሱ ከመምታቱ በፊት ትንፋሹን ያዝ ሲያደርግ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል፣ ያኔ እጫናለሁ። ቀደም ካልኩ ድምፁ ይታነቃል፣ ከዘገየሁ ይንጫጫል። ጎን ለጎን ተጣብቀን፣ ላባችን አንድ ላይ እየወረደ፣ ከሰዓት በኋላው ሁሉ በዚህ ያልፍ ነበር። በሕይወቴ ደስተኛ የነበርኩበትን ጊዜ አሳዪ ብትለኝ ያን ደጃፍ ነው የማሳይህ።

ለቡድኑ እንንገር ያለው እሱ ነው። ወንበሩን በግማሽም ቢሆን ማግኘቱ ነበር ያጓጓው። የአዲስ ዓመት በዓል ሰሞን ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ባለው አዳራሽ ዝግጅት ነበር። ወንድሜ ፀጉሩን ተስተካከለ፣ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለው። ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ይዩት አለኝ፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይረሱታል፣ ሙዚቃው ብቻ ይቀራል ብሎ አምኖ ነበር።

በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጀመርን። በደንብ ተጫወትን፤ ይህን የምልህ እህቱ ስለሆንኩ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በተጫወትኩባቸው ዓመታት ሁሉ ያን ያህል የጠራ ቤዝ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ የእኛን ልማድ ታውቃለህ፤ የወደደ ሰው መድረክ ወጥቶ ብሩን ተጫዋቹ ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ያ ሽልማት ነው፣ ክብር ነው። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እያለቀሱ ተነሡ። ምናልባት እሳቸውም ልጅ ልከው ይሆናል። ወደ መድረኩ ወጡ፤ ወንድሜ ግንባሩን ቀና አደረገላቸው። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ግራ እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሡ፣ መዳፉን ዘረጉ፣ ብሩን አኖሩና የቀሩትን ሁለት ጣቶች በላዩ አጠፉለት። እጁንም ሳሙት።

ከኋላቸው ሰልፍ ሆነ። የመጣው ሁሉ እሳቸው እንዳደረጉት አደረገ። ያ እጅ ያን ሁሉ ብር መያዝ አልቻለምና እየተንሸራተተ እግራችን ሥር ይወድቃል፣ ሌላው ደግሞ አንሥቶ ያስይዘዋል። ግንባሩ ላይ አንድም አልተለጠፈም። ቀኝ እጁ ግን አንዲት ምት አላጎደለም፤ እኔ ነኝ ድምፁን የሳትኩት፣ እንባዬ እያሳወረኝ። ሲያልቅ ተነሥቶ ጎንበስ አለና፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማኝ እንደሚያደርገው ቃሉን አርዝሞ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የምጠላው አንድ ሰው እንኳ ማጣቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በግንቡ ሸዋ በር ወደ ጀጎል ስንገባ ቤዙን እኔ ተሸክሜ ነበር። በጣም ወደዱት እኮ፣ ጋሼ፣ ሙዚቃውን ሰምተውታል አልኩት።

"የሰሙት እጄን ነው" አለኝ። ጥቂት ሄድን። "ከእንግዲህ ቀኝ እጁንም አንቺው ያዢው።"

ያዝኩት። መንግሥት ተለወጠ፣ ቡድኑ ተበተነ፣ ያ የጉበት ቀለም ቤዝ ጠያቂ ስላጣ ቤታችን ቀረ። እኔ ሌላ ገዛሁ፤ አሮጌውን ለእሱ ስል መንካት ስላልፈለግሁ እናታችን አልጋ ኋላ ቆመ። አግብቼ ፈታሁ፣ እናታችንን ቀበርን፣ እኔና ወንድሜ በዚያው ቤት አብረን አረጀን። እሱ ጊደር መጋላ ገበያ አንድ የእህል መጋዘን ይጠብቅ ነበር። እኔ በየሳምንቱ ዓርብ ድሬዳዋ ወርጄ ሆቴል ውስጥ ስጫወት ሰንብቼ እሑድ እመለሳለሁ። ስለ ሙዚቃ አናወራም። አንድም ቀን መጥቶ አልሰማኝም፤ እኔም አስቀይመዋለሁ ብዬ እሱ እያለ ቤት ውስጥ ተለማምጄ አላውቅም።

አምና ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ገባ። አንድ ጠዋት ነርሷ ደም ሥር ጠፍቷት ስትቸገር ቀኝ እጁን ያዥልኝ አለችኝ። ከዚያ አዳራሽ ወዲህ ያን እጅ ይዤው አላውቅም። የአመልካቹና የመሃል ጣቱ ጫፍ እንደ ጫማ ሶል ደረቅ ነበር። የዘበኛ እጅ እንዲህ አይሆንም፤ ክር ያጠነከረው ቆዳ ነው፣ ሁለት ወር ካልተጫወትክ ይለሰልሳል። ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ፣ እንዳወቅሁበት ገባው። እጁን ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ሥር ከተተና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። በዚያው ሳምንት አረፈ።

ግድግዳችንን የሚጋራው ቤት ውስጥ አሁን ያለችው ቅመም የምትነግድ ከሶፊ ገጠር የመጣች ሴት ናት። ለቅሶ ልትደርሰኝ ስትመጣ፣ ወንድሜ ሲጫወት ሰምታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰማው እሱ ነበር እንዴ? ወላሂ፣ አንቺ መስለሽኝ ነው" አለች። "አላህ ይማረው። ትንሽ ይመታና ዝም ይላል፣ ይመታና ዝም ይላል። ሰው የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው።"

እንዴት እንደነበር አሳዪኝ አልኳት። ግራ ገባት፤ ግን በመዳፏ በሩን መታ መታ እያደረገች አሳየችኝ። የዚያን ደጃፍ ዘፈን ወዲያው አወቅሁት። ማንም ሳይጫነው ከባዶው ክር የሚወጣውን ድምፅ ብቻ ይመታል፤ ግራ እጅ የሚፈልገው ጋ ሲደርስ ጊዜውን ጠብቆ ያሳልፋል። ዝም ያለባቸው ቦታዎች የእኔ ነበሩ። እኔ ያን ሁሉ ቅዳሜ ድሬዳዋ ነበርኩ።