ፍልፈሉ የቀበረው ነገር

የእህቴን ባል እናቴ «ፍልፈል» ነው የምትለው። በሌለበት ማለቴ ነው። ፊት ለፊቱማ «ልጄ» ትለውና ዓይኗን ከእጁ አትነቅልም። ጥፋቱ ግቢያችንን ስድስት ቦታ መብሳቱ ነው።

ሥራው ቤት ማሞቅ ነው፣ ግን አብዛኛውን ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው። በበጋ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያሞቀችውን ውሃ በቱቦ ወደ ጉድጓዶቹ ይልከዋል፣ ውሃው ሙቀቱን ለመሬቱ ያራግፋል። ብርድ ሲመጣ ያንኑ ሙቀት መልሶ ወደ ቤት ያወጣዋል። መሬቱ ስንት እንደሚይዝ ቀድሞ በሒሳብ ያውቃል። አንድ ቀን አሳየኝ፤ ግቢያችን ስክሪኑ ላይ እንደ ሳሙና ተቆራርጧል። እያንዳንዷ ቁራጭ በየሰዓቱ አጠገቧ ያለችውን «አንቺ ስንት ዲግሪ ደረስሽ?» እያለች ትጠይቃለች። የኛ ሰፈር ሴቶች በሏቸው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የከሰል ምድጃው ጭስ ደረቷን ስላሳመማት ሐኪም ከለከላት፣ ፍልፈሉም ነቅሎ አወጣው። እንግዲህ ሒሳቡ ከከሸፈ አለቀ፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት መርፌ አይዝም።

«ሙቀት ይቀበራል እንዴ?» ትለኛለች በሹክሹክታ። «ድንች መሰለው? ሌላ የደበቀው ነገር አለ። ከሌለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ብርዱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍልፈሉም ራሱን መጠራጠር ጀመረ። ኮምፒውተሩ አምስተኛው ጉድጓድ አርባ ዲግሪ ነው ይላል። ጉድጓዱ አጠገብ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ግን ጠዋት ጠዋት ሃያ ሦስት ይላል፣ እስከ ማታ ቀስ እያለ ይወጣል። የሌሎቹ የአምስቱ ልክ ነው። ቴርሞሜትሩን ቀየረው፣ ያው። ሰውዬው እህል አልበላ አለ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች እናቴ፣ «ኮምፒውተር ደግሞ ባሰ።»

በሦስተኛው ቀን ሒሳቡ ላይ የሆነ ነገር ጨመረና አስኬደው። ስክሪኑ ላይ የኮምፒውተሩና የቴርሞሜትሩ መስመር ገጠሙ። ቀስ ብሎ እናቴ ወደተቀመጠችበት ስፌት መኪና ዞረ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያች ቱቦ ውስጥ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስሳሉ እንዴ?»

እናቴ እኔን አየችኝ። «አንተ ነህ የነገርከው?»

«በአሥራ ሁለት ሰዓት እኔ ነቅቼ አውቃለሁ?»

«ሒሳቡ ነው እማማ» አለ ፍልፈሉ።

«ሒሳብ ዓይን አለው?» ክሯን በጥርሷ በጠሰችና፣ «የቀበርከው ነገር ካለ ውሃው ያንሳፍፈዋል ብዬ ነው።»

«እና ምን ተንሳፈፈ?» አላት።

«አንድ ጉንዳን።»

ባልዲዋን ተወች። ከዚያ በአራተኛው ቀን ቴርሞሜትሩ አርባ ገባ። ውርጭ የጣለ ዕለት ጠዋት እናቴ ጣቷን እፍ ሳትል በአንድ ሙከራ መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች። ግድግዳው ሥር የሚያልፈውን ቱቦ ዳበሰችው፣ ሞቋል። ፈገግ ልትል ስትል ኮምፒውተሩ ትዝ አላት መሰለኝ፣ የምትሰፋውን ቀሚስ አንስታ ስክሪኑ ላይ ጣለችበት።

«ይሄንንም ሄዶ ይነግርብኛል» አለች።