የጋሽ ተፈራ ቅጾች

ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ባለ ትንሽ ክሊኒክ በአማካሪነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ኃላፊያችን ዶክተር ሐዋ አንድ ቁልል ባዶ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ጭንቀት ያለበት ሰው የሚፈራውን ነገር በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየሞከረ፣ ለፍርሃቱ ከዜሮ እስከ ዐሥር ነጥብ የሚሰጥበት ቅጽ ነው። «ዋናው ሕክምና ከዚህ ከወጡ በኋላ የሚሠሩት ነው» አሉኝ። ብዙ ዓመት ነርስ ስለነበርኩ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ተፈራ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። የባልደረባቸው መኪና ዓይናቸው እያየ ገደል ከገባ ወዲህ፣ ጋቢና ሊወጡ ሲሉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ባለመኪናው አንድ ወር ሰጣቸው፤ ካልነዱ መኪናው ለሌላ ሾፌር ይሰጣል።

«ለዚህ ሳምንት ሞተር ሳያስነሡ ጋቢና ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ይቀመጡ» አልኳቸው። «ፍርሃቱ ሲመጣ አይውረዱ፤ እስኪበርድ ይጠብቁት። ይከብድዎታል?»

«አንቺ ካልሽማ ምን ይከብዳል፣ ሲስተር!»

ቅጾቹ በየሳምንቱ ተሞልተው መጡ። ዘጠኝ፣ ሰባት፣ አምስት፣ ሁለት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ዶክተር ሐዋ አገላብጠው አዩና፣ «አንድ ቀን እንኳ ፍርሃቱ አልጨመረም?» አሉ። ቅናት መሰለኝ፤ ልብ ይስጠኝ! መንዳት ይችላሉ ብዬ ለባለመኪናው ጻፍኩ።

ጋሽ ተፈራ ጭነት ይዘው ወጡ። ከከተማው ብዙም ሳይርቁ መኪናውን መንገድ ዳር አቁመው በእግራቸው ተመለሱ። ባለመኪናው የዚያኑ ዕለት ቁልፉን ተቀበላቸው።

በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቁኝ መጡ።

«ጋቢናው ውስጥ አንድ ቀንም አልገባሁም» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ቅጹን ማዕከላዊ ገበያ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የሞላሁት።»

«ምነው ቢነግሩኝ?»

«እንደዚያ እየደከምሽልኝ አልቻልኩም ልበልሽ? ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ፊትሽ ይፈካ ነበር።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ያስደበቅኳቸው ግን እኔ ነበርኩ። እፊታቸው አለቀስኩ። እንደገና እንጀምር ብዬ ለመንኳቸው፤ «ነገ እመጣለሁ» አሉ። አልመጡም። ድሬዳዋ ወንድማቸው ቤት ገቡ፣ ከዚያም በኋላ መሪ አልያዙም ሲሉ ሰማሁ። ዛሬም ያመኛል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ «የቤት ሥራውን ሠሩ?» ብዬ ታካሚ ጠይቄ አላውቅም። «የቱ ጋ አቃተዎት?» ነበር የምለው። ሾፌር ሲመጣልኝም ጋቢና ድረስ አብሬው እወጣ ነበር። ታካሚ «አልቻልኩም» ሊለኝ ካፈረ፣ ሕክምናው ገና አልተጀመረም።