ሲጋራው ያልገደለው ቲማቲም

ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ያልተናገርኩትን ዛሬ ለአንተ ለአንባቢዬ እናገራለሁ። ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣች በዓመቱ ገደማ፣ ጁባ አጠገብ ረጃፍ በነበረኝ የቲማቲም እርሻ ላይ የሰው ስም አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ኡቦንግ ይባላል። ጋምቤላ ያደገ ሠራተኛዬ ነበር፤ አማርኛው ከልጆቼ አማርኛ ይሻላል። ሲጋራ ያጨሳል። እኔ ደግሞ ሲጋራ የምጸየፍ፣ ልጆቼን በቀበቶ ያሳደግኩ አባት ነኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ከመጻሕፍት በለቃቀምኩት እውቀት እኩራራ ነበር። በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ከትንባሆ ወደ ቲማቲም በእጅ የሚተላለፍ ቫይረስ እንዳለ አንብቤያለሁ። እውነት ነው፣ አለ። ታዲያ አንድ ገጽ ያነበበ ሁሉ ዳኛ ይሆናል?

የቲማቲሙ ቅጠል ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ እየተጠቀለለ ተክሉ ሲቀነጭርብኝ፣ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት «የአንተ ጣት ነው የጨረሰው!» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቲማቲሙም እንደ እርስዎ ሲጋራ ይጠላል እንዴ?» አለና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ያን ዕለት አባረርኩት። ለጎረቤት ገበሬዎችም «ይህን ሰው ማሳችሁ እንዳታስገቡ» አልኩ። አላስገቡትም። ጁባ ከተማ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። እኔ ልጆቼን ሰብስቤ «ሲጋራ እርሻ እንኳ ያወድማል» እያልኩ ሰበክሁባቸው።

አንዲት የእፅዋት በሽታ ባለሙያ፣ ያገሬ ልጅ፣ የታመመውን ቅጠል ለዘረመል ምርመራ ናይሮቢ ልካ ነበር፤ ይህን ጎረቤቶቼም ያውቁ ነበር። ውጤቱን እርሻው ድረስ መጥታ ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ከትንባሆ የሚመጣው ቫይረስ ጨርሶ የለበትም። የተገኘበት ነጭ ዝንብ የሚያዛምተው፣ ቅጠል የሚጠቀልለው ቫይረስ ነው። በሰው እጅ አይተላለፍም። ለመሆኑ ችግኞቹ ሲመጡ እንዴት ነበሩ?»

እንዴት ነበሩ! ከድንበር ማዶ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ከመኪና ሲወርዱ ቅጠላቸው ተጠቅልሎ፣ ከሥሩ ነጫጭ ዝንብ ብን ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። «መንገድ ነው ያጠወለጋቸው» ብዬ አስተከልኳቸው። ያስተከልኩት ደግሞ በኡቦንግ እጅ ነው!

ብዙም ሳይቆይ ኡቦንግ ከገበያ መጣ። «ጋሼ፣ የናይሮቢው ምርመራ ምን አለ? ገበሬዎቹ ውጤቱን ካልሰማን አንቀጥርህም ብለውኛል» አለኝ።

«አልመጣም» አልኩት።

«ማሌሽ፣ ምንም አይደል» ብሎ ሄደ። ተመልሶ አልመጣም።

ለምን ዋሸሁ? ልጆቼ ፊት የተሳሳተ አባት ላለመሆን! ልጅ ዋሸ ብሎ ቀበቶ የሚፈታ ሰው፣ እኔ፣ የአንድን ሰው እንጀራ በአንድ ቃል ዘጋሁ። አላወቅሁም አልልም፤ አውቄያለሁ። ተናድጄ ነው አልልም፤ ስዋሽ ረጋ ብዬ ነበር። ጎረቤቶቼ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ፤ ጠርቼ ብነግራቸው ምን ይጎድልብኝ ነበር?

ልጆቼ፣ ስለ ኡቦንግ የሰማችሁት ስብከት ሐሰት ነው። ሲጋራ ዛሬም እጸየፋለሁ፤ እሱ ግን ቲማቲሜን አልነካብኝም።

ኡቦንግ፣ ማረኝ ለማለት አፍ የለኝም። ውጤቱ መጥቶ ነበር።