በካርቱም የምትበራው አረንጓዴ ነጥብ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ለአንዲት አረንጓዴ ነጥብ ስል ነው። የምሠራበት ድርጅት የመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ ያዘጋጃል፤ የእኔ ድርሻ ሰዎች የስልካቸውን ገጽ ሲያዩ በአእምሯቸው ምን እንደሚሥሉ ማጥናት ነው። ነጥቧ ከአንድ ሰው ስም ጎን ስትበራ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ የዚያ ሰው ስልክ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቷል፣ ከዚያ በላይ ምንም። አንዲት የወሎ እናት ግን እንዲህ የሚል የድምፅ መልእክት ደጋግመው ላኩልን፦ «ልጄ ሉባባ ካርቱም ናት። ሲመሽ ትበራለች። ስደውል ግን ዝም ትለኛለች። ምን አስቀይሜያት እንደሆን ጠይቁልኝ።»

ተመሳሳይ ቅሬታ ከሌሎች ቤተሰቦችም መጥቶ ነበር፤ የሁሉም ልጆች ካርቱም የነበሩ ናቸው። ነገሩን ከተጠቃሚዎቹ አፍ እንድሰማ እኔ ተላክሁ። እናትየዋ በካርቱም ተቀጥራ የምትሠራውን የሌላዋን ልጃቸውን፣ የዘይነባን ቁጥር ሰጡን። የሉባባንም በስልኬ መዘገብሁ።

ከመተማ ወዲያ

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ተጓዡን ከብርድ አንሥቶ ምድጃ አፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ድንበሩን በእግር ተሻግሬ ከጋላባት አውቶቡስ ያዝሁ። ማሽላው ታጭዶ አልቋል፤ እስከ አድማስ የሚታየው አገዳ ብቻ ነው። ገዳሪፍ አጠገብ ለምግብ ቆምን። የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል በጋራ ሳህን ቀረበ፤ ከማላውቃቸው መንገደኞች ጋር በዝምታ በላሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኬን ከፈትሁ። ከሉባባ ስም ጎን ነጥቧ በርታለች። ምልክቷ የምትለውን ከማንም በተሻለ አውቃለሁ፤ ሆኖም አንዲት የማላውቃት ሴት ቀና ብላ ያየችኝ መሰለኝ። ለሙከራ «ሰላም ሉባባ» ብዬ ጻፍሁ። ገጹ «ደርሷል» አለ። «ተነቧል» ግን አላለም። አውቶቡሱ በጨለማው ሜዳ ሲጓዝ ያች ነጥብ ቆይታ ጠፋች።

አል-ጣኢፍ

ዘይነባን ያገኘኋት ዓርብ ከሰዓት፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ ከአሠሪዋ ከመዳሟ ቤት አጥር ውጭ ካለ የኒም ዛፍ ሥር ነው። ሻይ ሻጯ ሁለት ዝቅተኛ መቀመጫ ሰጠችን።

«የስልኩ ሰው አንተ ነህ?» አለችኝ። «እኔኮ ሽማግሌ ነበር የጠበቅሁ። ይሄ ልጅ ራሱ እናቱን አስፈቅዶ ነው የመጣው።»

«አስፈቅጃለሁ» አልኋት። እሷ ሣቀች፤ እኔ ግን ጥያቄዬን ቀጠልሁ። «ነጥቧ ስትበራ ምን ይታይሻል?»

ሣቋ ቆመ። «ጣቷ ነዋ የሚታየኝ። ሂናዋ ሳይቀር። ስልኩን ይዛ፣ ስሜን አይታ፣ ዝም ስትለኝ።»

ዘይነባ እንደነገረችኝ ሉባባ የሊቢያን መንገድ ከያዘች ከርማለች፤ እናትየዋ ግን ከካርቱም መውጣቷን አላመኑም። «ስደርስ እደውላለሁ» እንዳለች ቀረች። መንደርተኛው የሙት ሰደቃ ይውጣላት፣ ዱዓ ይደረግላት ቢል እናትየዋ «የምትበራ ልጅ ይለቀስላታል?» ብለው መለሱት።

«እኔም ኮንትራቴ አልቋል፤ ኢቃማዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልቅ ነው» አለች ዘይነባ። «ከሻ ቢይዘኝ፣ አፈሳው ማለቴ ነው፣ ወላሂ መውጫ የለኝም። እማ ግን ‹እኅትሽ እዚያው ካርቱም እየበራች ጥለሻት አትምጪ› አለችኝ።»

የሚያሳስበኝን ነገርኋት። «ሰው አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ይረሳል። ይህች ነጥብ ግን ሁልጊዜ ከመግሪብ አዛን ቀጥላ ነው የምትበራው። የሰው ጠባይ አይመስለኝም።»

ዘይነባ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ከመግሪብ በኋላ ጀነሬተር ነው የሚነሣው» አለች ቀስ ብላ። «ከህረባው፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ባለ ሱቆቹ ያስነሡታል። ሉባባ ኢንተርኔት የምትጠቀመው አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ጋሽ ታደሰ ሱቅ ነበር። ግን ስልኳንማ ይዛው ነው የሄደች።»

«ይዛው ስትሄድ አይተሻል?»

«ያላ፣ ተነሥ» አለች፤ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ያዝን።

አል-ሳሃፋ

ጋሽ ታደሰ ከጎንደር መጥተው ካርቱም ያረጁ ስልክ ጠጋኝ ናቸው። ጥያቄያችን አላስደነገጣቸውም።

«የሉባባ ስልክ? አለ እንጂ። አማና ነው፣ አደራ» አሉ። «በበረሃ የሚሄዱት ልጆች ስልካቸውን ደላላ ስለሚቀማቸው እኔ ዘንድ ያኖሩታል። ‹ጋሽ ታደሰ፣ መልእክቴ እንዳይጠፋ፣ ስልኬ እንዳይሞት› ይሉኛል። ቃል ገብቻለሁ። ጀነሬተር በተነሣ ቁጥር ቻርጅ አደርጋለሁ።»

«ሲደወልስ?» አልኋቸው።

«ድምፁን ዘግቼዋለሁ። የሰው አማና አይነካም፣ ልጄ። ባለቤቱ ሲመጣ ያነሣዋል።»

«የመጡ አሉ?»

«አሉ» አሉና ወደ መንገዱ ተመለከቱ። «አንዳንዶች።»

መጋረጃ ገለጡ። በመደርደሪያው ላይ ንጹሕ ጨርቅ የተነጠፈላቸው ስልኮች ጥቁር ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ተኝተዋል። አዛኑ ተሰማ፤ ጋሽ ታደሰ ወጥተው ጀነሬተሩን አስነሡ። ስልኮቹ አንድ በአንድ በሩ። የሚያውቁትን የሱቁን የኢንተርኔት መረብ ማንም ሳያዛቸው ያዙ። በኪሴ ያለውን ስልክ አወጣሁ፤ ሉባባ በርታለች።

ከዚያ ጥሪው መጣ። ድምፅ የለውም። «እማ» የሚል ስም በአንዱ ላይ ታየ፤ «አባ» በሌላው፤ ደግሞ በሌላ ጥግ «እማ»። የጀነሬተሩ ጩኸት ብቻ እየተሰማ፣ ሊቀበሏቸው በማይችሉ ገጾች ላይ ስሞቹ በሩ፤ ጠፉ፤ እንደገና በሩ። በየአገሩ ሰዓቱን ጠብቀው የተቀመጡት ሰዎች በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው የቆሙ መሰለኝ።

ዘይነባ የእኅቷን ስልክ ለይታ አነሣች። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፊቷን አዩና መለሱት።

ጥሪውን ተቀብላ «እማ» አለች። «እኔ ነኝ፣ ዘይነባ። ሉባባ አይደለችም።»

የእናትየዋ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ። «ስልኩ አንቺ ዘንድ ምን ይሠራል?»

«ሱቅ ነው ያለ። ከሄደች ጀምሮ።»

«እሷሳ?»

«አላውቅም፣ እማ።»

«እንግዲያስ አንቺ ነይ» አሉ።

መመለስ

ጋሽ ታደሰ አማናውን ለእኅቷ አስረከቡ። የቀሩትን ስልኮች አላጠፏቸውም፤ እኔም ያጥፉ አላልሁም። የሌሎቹን ቤተሰቦች ግን እየደወሉ ሊነግሯቸው ቃል ገቡልኝ።

አዲስ አበባ ገብቼ ነጥቧ ቀርታ «ስልኩ ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ እንዲተካ ሐሳብ አቀረብሁ፤ ለውጡ ገና ሰው እጅ አልደረሰም። ጉዞው ያስተማረኝ ግን ከዚህ ይሰፋል። ሰው ምልክቱን እንዴት እንደሚረዳው ስንመረምር ኖረናል፤ በእርሱ ተማምኖ የትኛውን ልቅሶ፣ የትኛውን ጉዞ እንዳቆየ አልጠየቅንም።

ዘይነባ የእኅቷን ስልክ ይዛ ወሎ በደኅና ገባች፤ ሰደቃውም ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ አመሻሽ የሉባባ ነጥብ በስልኬ ላይ በራች። ገዳሪፍ ላይ ከጻፍሁት ሰላምታ ሥር «ደርሷል» የሚለው ቃል እያየሁት ተለወጠ፤ «ተነቧል»።

ቀጥሎ የድምፅ መልእክት መጣ። የእናትየዋን ድምፅ አወቅሁት፤ እርሳቸው ግን የእኔን ቁጥር አያውቁትም።

«እናቷ ነኝ። ይሄን ሰላምታ የላክኸው እሷ ከጠፋች በኋላ ነው ይሉኛል። ማን ነህ፣ ልጄ? የት አየሃት?»

ለሙከራ ነበር ብዬ መጻፍ ጀመርሁ፤ አጠፋሁት። ሌላ መልእክት ገባ።

«በርተሃል፤ አይቼሃለሁ። መልስልኝ።»

ደወልሁላቸው።