የአማቼ የኦርቪል ጠመንጃ

ኦርቪል ልጄን ቨርናን ሲያገባት አልወደድኩትም፤ እሱም ያውቃል። ዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። አሥራ ስምንት ዓመት ክንፍ ሲቆርጥ ጣቶቹ ተኮራምተው ቀርተዋል። ዝምተኛ ነው። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው አላምንም። ሆዱን ካላወቅሁት ለጎረቤት ምኑን አወራለሁ?

እዚህ ኬንታኪ፣ እኛ ተራራ ላይ፣ ኅዳር ገብቶ አጋዘን ማደን ሲፈቀድ ወንዱ ሁሉ ጫካ ያለችው ጎጆ ይገባል። ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ የኋላ ጫፍ በመቀስ ተቆርጦ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ግድግዳው ላይ በምስማር ይመታል። የኦርቪል አራት ተሰቅሏል። ያቺ የድሮ ጠመንጃው ወፍ ማባረሪያ እንኳ አትሆንም ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ድዋይት፣ የጎጆዋ አለቃ እሱ ነው፣ እራት ላይ እንዲህ አለው፦

«ስማ ወንድሜ፣ አምስተኛ ከሳትክ አልጋህን እወስደዋለሁ። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ከእማዬ ጋር ድንች ትልጣለህ።»

አልጋው የኦርቪል የሟች አባቱ ነው፣ ምድጃው አጠገብ ያለው። ጎጆዋንም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ኦርቪል ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ጆሮው ቀላ።

ከዚያ ጀመረው። አዲስ ጠመንጃ አቅሙ አይችልም፤ ስለዚህ እየለቀመ ሊገጣጥም ተነሣ፣ ያውም እኔ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ። መለያ ቁጥር የተመታበትን ዋናውን አካል፣ ሕጉ ስለሚያስገድድ፣ ከከተማ ሱቅ ፈርሞ አመጣ። ሌላው አንድ አንድ እያለ በፖስታ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ረጅም ካርቶን ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ቨርና፣ ያበጠ ጉንጯን ይዛ።

«አፈሙዝ።»

«ጥርሴን ማስነቀያውን ነው ያወጣህበት?»

«አፈሙዝ ላይ አይሰሰትም።»

«እሺ! የታመመውን ጥርሴን ደግሞ ጥይት አድርገህ አጉርሰው!»

በሌላው ግን ሰሰተ። ሰደፉ የተሰነጠቀ ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አምጥቶ በማስቲሽ አጣብቆ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለው። ምላጩ ተራ ነው። ማነጣጠሪያ መነጽሩ የሥራ ባልደረባው የጣለው ነው። በመጨረሻ የጎደሉት ሁለት የብረት ቀለበቶች ሆኑ፣ መነጽሩን ጠመንጃው ጀርባ ላይ የሚይዙት። ኪሱ ደግሞ ባዶ።

እኔ ተነሣሁና ከሟቹ ባሌ ሣጥን አወጣሁለት።

«እንካ ልጄ፣ በነጻ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እማማ... ምን ልበልዎ?» አለኝ።

ባሌ ለምን ሣጥን ውስጥ እንደወረወራቸው አውቃለሁ። የብሎኑ ጥርስ ተበልቷል። ስታጠብቀው የጠበቀ ይመስላል፤ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ይላላል። ባሌ አንድ ሙሉ መኸር ሲራገማቸው ከርሟል። ለክፋት እንዳይመስላችሁ። ቴሌቪዥናችን ተበላሽቶ ነበር።

ድንጋይ መፍለጫው ጋ ሄዶ ሲሞክረው፣ አምስት ጥይት የስኒ ማስቀመጫ በማታክል ቦታ አስቀመጠ። ቨርና በዚያ ጉንጯ ሳመችው። ከዚያ በመኪና ሁለት ሰዓት ሙሉ በድንጋያማ መንገድ ወደ ጎጆዋ። እዚያ ደርሶ ልሞክር ቢል አይቻልም፤ አጋዘኑ እንዳይሸሽ በዋዜማው ጥይት አይተኮስም።

በማግስቱ የባቄላ ድስቴን ይዤ ጎጆዋ ስደርስ፣ አደኑ አልቆ ሁሉም ደጅ ቆሟል። ለካ አጋዘኑ ሰማንያ እርምጃ ላይ፣ ልትታለብ እንደቆመች ላም ጎኑን ሰጥቶት ነበር። ኦርቪል ተኮሰ። ከአጋዘኑ በላይ ያለው ዛፍ ቅርፊቱ ተነሣ።

«አምስት!» ይላል ድዋይት መቀሱን እያንኳኳ። «ዙር ወንድሜ፣ ወገብህን ንፋስ ይንካው!»

ኦርቪል የሟች አባቱን ቀይ የሱፍ ሸሚዝ ነው የለበሰው። ለዕድል ብሎ።

«ይሄንን ተው» አለ ኦርቪል። «የኔን ውሰድ፣ ከውስጥ ያለውን።»

«የለበስከው ነው ሕጉ! ሕጉን ያወጡት አባትህ አይደሉም እንዴ?»

ቀጭ። ጎኔን ይዤ ሳቅሁ።

ኦርቪል ጠመንጃውን አነሣና መነጽሩን በሁለት ጣቱ ነካው። እንደ ወላቃ ጥርስ ተነቃነቀ። ማንንም አላየም፣ እኔን ብቻ። ከዚያ ቀለበቶቹን ፈታና ድስቴ ክዳን ላይ አስቀመጣቸው።

«ዕቃዎን፣ እማማ።»

በቃ። ለማንም አልተናገረም። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

ጠመንጃውን ድዋይት በግማሽ ዋጋ ወሰደው። በዚያ ብር የቨርና ጥርስ ተነቀለ፤ እስከዚያ የታመመው ሦስት ደርሶ ነበር። ድዋይት ጥሩ ቀለበት ገጠመበትና በዓመቱ በአንድ ጥይት ትልቁን ቀንዳም ጣለ። ጭንቅላቱ መመገቢያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ነው። «አፈሙዙ ጉድ ነው!» ይላል እሑድ እሑድ። ኦርቪል ከሥሩ ተቀምጦ ይበላል። ኅዳር ሲመጣ ወንዱ ይሄዳል፣ እሱ ከእኔ ጋር ድንች ይልጣል፣ ስስ አድርጎ።

«ይጨመርልዎ፣ እማማ?» ይለኛል። ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ቀለበቶቹ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። የቨርና ልጅ በጸደይ ልታገባ ነው። እጮኛዋ ድሃ ነው፣ አደን ይወዳል፣ ጠመንጃ እየገጣጠመ ነው አሉ። አንድ ቀን መጥቶ አየሁት። እሱም ዝምተኛ ነው።